ሁለት «እኔ» በሱረቱል ከህፍ ውስጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ጁምዓ ሙባረክ። ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ ማሻአላህ፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። የዛሬው ማስታወሻችን ከዚችው ሱራ ተነስቶ ወደዚችው ሱራ ይመለሳል። በመሀል ግን ወደ አንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል ጎራ እንላለን።

ከጥቂት ወራት ወዲህ በውስጥ መስመር በሚደርሱኝ መልእክቶች ውስጥ አንድ ቃል ይደጋገማል፦ ናርሲሲስት። አንዲት እህት «ባለቤቴ ናርሲሲስት ነው» ትላለች። አንድ ወንድም «አለቃዬ ናርሲሲስት ነው» ይላል። ሌላዋ ስለ አማቷ፣ ሌላው ስለ ጓደኛው ይጽፋል። ቃሉን ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንማረዋለን፤ ማታውኑ የአንድ ሰው ግንባር ላይ እንለጥፈዋለን። ከሚጽፉልኝ ውስጥ በእርግጥ እየተበደሉ ያሉ አሉ፤ ስለ እነሱ በኋላ እመለስበታለሁ። «ኡስታዝ፣ ችግሩ እኔ ጋ መሰለኝ» ብሎ የጻፈልኝ ግን እስካሁን አንድ ወጣት ብቻ ነው።

የምነግራችሁ ፈቃዱን ጠይቄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ ነው። ኒካሑ ሊታሰር ሁለት ወር ሲቀረው እጮኛው ተወችው። ምክንያቷን ሲጠይቃት «ስላንተ እንጂ ስለ እኔ አውርተን አናውቅም» አለችው። ተቆጣ፤ በዘመድ አዝማዱ መሀል ስሟን አጠፋ። በዒድ ቀን ታናሽ እህቱ ቡና እየቀዳች፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ «እውነቷን እኮ ነው ወንድምዬ» አለችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የላከልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ይሄ ነገር በሽታ ነው ወይስ ወንጀል? መድኃኒትስ አለው?»

የዛሬው ጽሑፍ ለእሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

*በሽታ ነው?*

ስሙ የመጣው ከጥንታዊ የግሪኮች ተረት ነው፤ ውሃ ላይ ያየውን የገዛ መልኩን ወድዶ ከዚያ መላቀቅ ካቃተው ናርሲሰስ ከሚባል ጎረምሳ። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ ናርሲሲዝም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው ሦስተኛው የምርመራ መመሪያ ላይ ራሱን የቻለ የስብዕና መታወክ ሆኖ ተመዘገበ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል። ራስን ከልክ በላይ ማግዘፍ፣ ወሰን በሌለው ስኬትና ሥልጣን ሐሳብ መዋጥ፣ የሰው አድናቆት ካልመጣ መቆም አለመቻል፣ ሁሉ ነገር ይገባኛል ማለት፣ ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ የሌላው ሕመም አለመሰማት፣ ቅናት፣ ንቀት፤ እነዚህና የመሳሰሉት ናቸው። አንድ ሰው ሕመሙ አለበት ለመባል ከዘጠኙ ቢያንስ አምስቱ ሊኖሩበት ይገባል። ያውም አንድ ሰሞን ብልጭ ብለው የሚጠፉ ሳይሆኑ፣ ከወጣትነት ጀምሮ በቤትም በሥራም የሚታዩ፣ ኑሮውን የሚያበላሹ መሆን አለባቸው። ይህን መርምሮ የሚወስነው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ፎቶ ያበዛ ሁሉ፣ ያኮረፈ ባል ሁሉ፣ የተቆጣች እናት ሁሉ ናርሲሲስት አይደሉም።

ባለሙያዎች ሁለት መልክ እንዳለውም ይናገራሉ። አንደኛው ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለተኛው ግን ዝምተኛና ሆደ ባሻ ነው፤ ትንሽ ነገር ይቆረቁረዋል፣ «ማንም አይረዳኝም» ይላል፣ ሳይነግራችሁ ይቀየማል፣ በልቡ ግን ከሁሉም እንደሚበልጥ ያምናል። አንዳንዴ አንዱ ሰው ሁለቱንም ይሆናል፤ ሲወደስ የመጀመሪያውን፣ ሲነቀፍ ሁለተኛውን።

*ወንጀል ነው?*

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የቆዩ ሁለት ስሞች አሉን፦ ኪብርና ዑጅብ። በ505 ሂጅራ ወደ አኺራ የሄዱት ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሚዲን» ኪታባቸው ለሁለቱ ሰፊ ክፍል ሰጥተዋል። ልዩነታቸውን እንዲህ ያስረዳሉ፦ ኪብር ከበታች የሚደረግ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ዑጅብ ግን ማንንም አይፈልግም። አንድ ሰው ምድር ላይ ብቻውን ቢፈጠር ኩራተኛ ሊሆን አይችልም፤ በራሱ መደነቅ ግን ይችላል። ቀጥለውም ሰዎች የሚኮሩባቸውን ሰባት ነገሮች ይቆጥራሉ፦ ዕውቀት፣ ዒባዳ፣ ዘር፣ መልክ፣ ጉልበት፣ ገንዘብ፣ ሰባተኛው የተከታይ ብዛት። አዎ፣ የተከታይ ብዛት! ስልክ ከመፈጠሩ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ።

ኪብር ምን እንደሆነ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ነግረውናል። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት መውደዱ ኪብር ይሆን እንደሆነ ተጠየቁ። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ገለጹ፤ ኪብር ማለት ሐቅን መግፋትና ሰዎችን መናቅ መሆኑን አስረዱ። ሐዲሱን ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ሚዛኑ ሁለት ነገር ብቻ ነው። እውነት ሲነገርህ ምን ታደርጋለህ? ሰውንስ እንዴት ታያለህ?

እናም ለዚያ ወንድሜ ያልኩት ይህን ነው። በሽታና ወንጀል አንድ ነገር አይደሉም፤ አንድ ሰው ላይ ግን ሊገናኙ ይችላሉ። ሰው የተቀረጸበትን አስተዳደግ አልመረጠም፤ በልጅነቱ ለገባበት ቁስል አይጠየቅም። ነገር ግን ብዕር የተነሳለት አእምሮውን የሳተ ሰው ነው፤ አንተ አእምሮህ አለ። ስሟን ያጠፋኸው አውቀህ ነው። ሕመሙ ለምን እንዳደረግከው ይገልጻል እንጂ የልጅቷን ሐቅ አይሰርዝም። ለቁስሉ ሕክምና፣ ለበደሉ ተውበት፣ ለእሷ ደግሞ ይቅርታና ስሟን ማደስ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

*ከሥሩ ምን አለ?*

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ በዚህ ጉዳይ ስማቸው ጎልቶ የሚነሳ ሁለት ሐኪሞች አሉ፤ ሁለቱም ቪየና ተወልደው አሜሪካ የሠሩ፦ ሃይንዝ ኮኸትና ኦቶ ከርንበርግ። ኮኸት ይህ ሰው በልጅነቱ ዓይኑን አይቶ «አለሁልህ» የሚለው ስላላገኘ እድገቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ሊረዳው ይገባል። ከርንበርግ ደግሞ የገዘፈው «እኔ» ከውስጥ ያለውን ንዴትና ቅናት መሸፈኛ ነው ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በአክብሮት ፊት ለፊት ሊያሳየው ይገባል። በአካሄዱ ይለያያሉ። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፦ ከላይ የሚታየው ትልቅነት ከሥሩ ያለውን ስስ ነገር ይጠብቃል። አንዲት የነቀፋ ቃል ያን ሁሉ ቁጣ የምትቀሰቅሰው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስሱ ነገር ከየት መጣ? ሁሉን የሚያብራራ አንድ ምክንያት የለም፤ ተፈጥሮም አስተዳደግም ድርሻ አላቸው። ኔዘርላንድ ውስጥ ከ7 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ግን ልብ የሚያሳርፍ ነገር አሳይቷል። ልጃቸው ከሌሎች ልጆች የተለየና የሚበልጥ እንደሆነ የሚያምኑ ወላጆች ልጆች ወደ ናርሲሲዝም ያዘነብላሉ። ሙቀትና ፍቅር ያገኙ ልጆች ደግሞ ጤናማ የራስ ክብር ያዳብራሉ። ልጁን የሚነፋው ፍቅር መብዛቱ አይደለም፤ ማበላለጡ ነው።

ቤታችንን አስቡ። «የኔ ልጅ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይበልጣል» የሚል ወላጅ ስንት አለ? አንደኛ ሲወጣ ድግስ፣ አምስተኛ ሲወጣ ኩርፊያ። ልጁ ከዚህ የሚማረው «የምወደደው ስበልጥ ብቻ ነው» የሚለውን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን ሲስሙ አይቶ «አሥር ልጆች አሉኝ፣ አንዱንም ስሜ አላውቅም» ላለው ሰው፣ የማያዝን እንደማይታዘንለት ነገሩት። ሐሰን የተሳመው ማንንም በልጦ አልነበረም።

*መድኃኒት አለው?*

አለው። ግን የሚዋጥ ክኒን አይደለም። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ አብረው ለሚመጡ እንደ ድብርት ላሉ ነገሮች ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ዋናው ሕክምና ሳይኮቴራፒ ነው፤ ከባለሙያ ጋር በቀጠሮ እየተገናኙ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት የሚደረግ የንግግር ሕክምና።

ብዙዎቹ «ናርሲሲስት ነኝ» ብለው አይመጡም። ትዳር ሲፈርስ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ድብርት ሲጥላቸው ነው የሚመጡት። መጀመሪያ ላይ ሐኪሙን ሰማይ ያደርሱታል፤ «እንዳንተ ያለ አዋቂ አላየሁም» ይሉታል። ከዚያ አንድ ቀን ሐኪሙ የማይወዱትን ነገር ይናገራል፣ ወይም ቀጠሮ ያዛባል። ያኔ መሬት ያወርዱታል፤ «ምንም አያውቅም» ብለው ይቀራሉ። ከሕክምናው አቋርጦ መውጣት የበዛው አንድም በዚህ ነው። የሚድነው በዚያች ቅያሜ ማግስት ተመልሶ የሚመጣው ነው። ተመልሶ ሲቀመጥ ሐኪሙ አያዋርደውም፣ አይክበውምም። «ያን ስልህ ምን ተሰማህ?» ይለዋል። ከቁጣው ሥር ሐፍረት ይገኛል፤ ከሐፍረቱ ሥር ያ ብቸኛ ልጅ። ጄፍሪ ያንግ የመሠረተው ስኪማ ቴራፒ የሚባለው የሕክምና ዘዴ ያን የሰውየውን ክፍል በቀጥታ «ብቸኛው ልጅ» ብሎ ይጠራዋል። ሰውየው ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይማራል፦ ስሕተቱ ሲነገረው እንደማይሞት።

ልብ በሉ፤ ማዋረድ ሕክምና አይደለም። እኛ ኩራተኛን «ልኩን ማስገባት» እንወዳለን። ቁስሉን ደግሞ ብትወጉት የበለጠ ያብጣል። ነሲሓ በስውር፣ በለሰለሰ አንደበት መሆን አለበት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመስጂዱስ ድርሻ? የመጀመሪያው «ሕክምና ሂድ» ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን ጨርቁን የጣለ ሰው ብቻ ነው የሚታየን፤ አለዚያ ነገሩን ሁሉ ለጂንና ለዓይን እንሰጣለን። ሩቅያ ሐቅ ነው። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። በ322 ሂጅራ ያለፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና የሚያስጨንቅ ሐሳብን የነፍስ ሕመም ብለው ከነሕክምናቸው አብራርተዋል። ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ድርሻ ነፍሲያን በተግባር ማሠልጠን ነው። አል-ገዛሊ የኪብር መድኃኒት ከዕውቀትና ከሥራ የተቀመመ ነው ይላሉ፤ «እኔ አልኮራም» ማለት አይበቃም፣ ነፍስ ትፈተን። በክርክር ላይ እውነቱ ከባላንጣህ አፍ ሲወጣ ይከብድህ እንደሆነ እይ። ከእኩዮችህ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። ድሃ ሲጠራህ ሂድ። የገበያ ዕቃህን ራስህ ተሸክመህ ግባ። ከዚያ ደግሞ ያስጠነቅቃሉ፦ ጫማ ማውለቂያው ጋ ሄዶ መቀመጥ ራሱ የኩራት ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ «እዩኝ፣ ትሑት ነኝ» የሚል። ነፍሲያ እንዲህ ናት፤ ከትሕትናም ጌጥ ትሠራለች።

አቡ ዘርን (ረ.ዐ) አስታውሱ። አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በውስጣቸው የጃሂሊያ ርዝራዥ እንዳለ ነገሯቸው። ለእንደ እሳቸው ላለ ሰሐባ ከዚህ በላይ የሚያም ቃል የለም። አልሸሹም፤ አላመካኙም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው አገልጋያቸው እንደ እሳቸው ለብሶ አይቶ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ያን የገዛ ጥፋታቸውን ራሳቸው ተረኩለት። ሰው የተነቀፈበትን ቀን እንደ ውለታ ሲያወራው ቀልቡ ድኗል ማለት ነው።

*ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ለምትኖሩ*

«ታገሺ» ብቻ እየተባልሽ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣ እና እንዳንቺ ላላችሁ ሁሉ። ሰብር ዙልምን ተሸክሞ መኖር አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ እንድንረዳው አዘዋል፤ በዳዩን የምንረዳው ከበደሉ በመያዝ እንደሆነም አስረድተዋል። ስለዚህ ወሰን ማበጀትሽ፣ ሽማግሌ መጥራትሽ፣ ዱላ ካለ ወደ ሕግ መሄድሽ፣ ለእሱም እርዳታ ነው። አንቺ ሐኪሙ አይደለሽም፤ ልታድኚው አትችይም፤ እንዲታከም ልትጠይቂው ግን ትችያለሽ። ስሙን ግን ስድብ አታድርጊው። «ናርሲሲስት» ብሎ መስደብ ማንንም አላዳነም። ያደረገውን ንገሪው፦ «እንዲህ ስትል እንዲህ ተሰማኝ።»

ደግሞም ይህ ሰው ክብሩ የተነካ ሲመስለው ድንገት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ «ለማስፈራራት ነው» አትበሉ፤ ብቻውን አትተዉት፣ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።

*እኔስ?*

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል አንድ ነገር ልናገር። አንድ ቀን ደርስ ላይ ያን የኪብር ሐዲስ ስናገር ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል አልኩ። ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ሙስሊም ናቸው እንጂ ቡኻሪ አልዘገቡትም» አለኝ። በአፌ «ጀዛከላህ» አልኩት። በሆዴ ግን ፊቴ ነደደ። በሚቀጥለው ሳምንት ከባድ ከባዱን ጥያቄ ለእሱ ብቻ ሳቀርብ ራሴን ያዝኩት። ሐቅን መግፋት፣ ሰውን መናቅ፤ ሁለቱም፣ ያውም በዚያው ሐዲስ ላይ! በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ትክክል እንደነበር፣ እኔም እንደተቀየምኩት በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ቀላል አልነበረም። ግን አልሞትኩም።

*ወደ ሱረቱል ከህፍ*

በዚህች ሱራ ውስጥ ሁለት «እኔ» አለ። አንዱ የሁለቱ አትክልት ባለቤት ነው፤ ወይኑን፣ ተምሩን፣ በመሀል የሚፈሰውን ወንዝ እያየ በገንዘብም በሰውም እንደሚበልጥ ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛው በመልካም መከረው፤ ማሻአላህ እንዲል አስታወሰው። አልሰማም። የተጸጸተው ተክሉ ከነዳሱ ከወደቀ በኋላ፣ መዳፉን እያገላበጠ ነው።

ሌላው ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ናቸው። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ዐዋቂው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ «እኔ» አሉ፤ ዕውቀቱን ወደ አላህ ባለመመለሳቸው አላህ ወቀሳቸው፣ ከእሳቸው የሚበልጥ ዐዋቂ ባሪያ እንዳለው ነገራቸው። ምን አደረጉ? አልተቀየሙም። ዓሣ ስንቅ ይዘው፣ ዘመናትን ቢያስኬዳቸውም ለመሄድ ቆርጠው ያን ሰው ፍለጋ ወጡ። ሲያገኙትም እንዲያስተምራቸው ፈቃድ ጠየቁ። ሳይታገሱ ሲቀሩ ይቅርታ ጠይቀው መንገዱን ቀጠሉ።

ለዚያ ወንድሜ የነገርኩት የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው። «እኔ» የሚለው ቃል ከአፍህ መውጣቱ መጨረሻህን አይወስንም። የሚወስነው ከታረምክ በኋላ የምትሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ አትክልትህ ወይስ ወደ ሁለቱ ባሕሮች መገናኛ። እሱ በአሁኑ ሰዓት አምስተኛ ቀጠሮው ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ አኩርፎ ቀርቶ ነበር። ተመልሷል።

ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከሚወዳችሁ አንድ ሰው ጋ ሄዳችሁ «የማደርገው፣ አንተን የሚጎዳህ ነገር ምንድን ነው?» በሉት። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስሙ። «ግን» የሚለውን ቃል አታውጡ። ሲጨርስ «ጀዛከላህ» ብላችሁ ተነሱ። ማታ ደግሞ ብቻችሁን ነፍሳችሁን ተሳሰቡ።

ያ አላህ፣ ሐቅን ሐቅ አድርገህ አሳየን፣ ከማንም አፍ ቢወጣ እንድንቀበለው አድርገን። ነፍሳችንን ከኪብርና ከዑጅብ አጥራልን። የታመሙትን አሽርልን፣ የተበደሉትን ሐቃቸውን መልስላቸው፣ የበደልነውንም ይቅርታ እንድንጠይቅ ድፍረቱን ስጠን። አሚን።

በዚህ በተባረከ ቀን በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።